ቆጣሪ አንባቢው ሲቀር

«ቆጣሪ!» የሚል ድምፅ ከበር ሲሰማ ግቢያችን ውስጥ ውሻው ይጮኻል፣ እናቶች ይወጣሉ። ውሻው ልማዱ ነው። እናቶች ግን ጉዳይ አላቸው። «ያለፈው ወር ስንት ነበር ያልከው? አሁንስ? እስቲ ደግመህ እየው፣ መስታወቱ አቧራ ይዞታል።» ቆጣሪ አንባቢው አንዳንዴ ይስቃል፣ አንዳንዴ ይነጫነጫል። ግን ደግሞ ያያል። አንድ ቀን «ሰባት ያልኳት አንድ ናት ለካ» ብሎ ቁጥሩን ሰርዞ እንደገና ሲጽፍ በዓይኔ አይቻለሁ።

ያደግኩት ከፒያሳ ወደ እሪ በከንቱ ሲወረድ ባለ የቀበሌ ግቢ ውስጥ ነው። ስድስት ቤተሰብ፣ አንድ ቆጣሪ። ቢሉ ሲመጣ የምንካፈለው በአምፖል ነበር። ሁለት አምፖል ያለው ይህን ያህል፣ ቴሌቪዥን ያለው በዚያ ላይ ይህን ያህል፣ ፍሪጅ የገዛ ደግሞ ሌላ ጭማሪ። ምጣድ የራሱ ተራ ነበረው። የእኛ ማክሰኞ ነበር። አንዱ ከተራው ውጭ ከጣደ የግቢው መብራት ድርግም ይላል። ወዲያው «ማነው የጣደው?» የሚል ጩኸት ይነሳል። ሂሳቡን የሚይዙት አንዲት እናት ነበሩ። የቆጣሪው ቁጥር፣ ቀኑ፣ ማን ስንት እንደከፈለ፣ ሁሉም በሳቸው ሰማያዊ ደብተር ላይ ነበር።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ በቅርቡ በዕድራችን ስብሰባ ላይ የተነሳ ወሬ ነው። «ሽቦ አልባ ቆጣሪ ሊያስገቡብን ነው» አለ አንዱ። አንድ ወጣት ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ አሳየን። ፈረንጆች መፈክር ይዘው «አንፈልግም» ይላሉ። ካንሰር ያመጣል፣ ቤታችንን ይሰልላል፣ ቢል ያንራል ይላሉ። ስብሰባው ወዲያው ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «በጨረር ሊጨርሱን ነው» አለ። ግማሹ «ይምጣ እንጂ፣ ቢያንስ በግምት አይጽፍም» አለ። ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ብቻ ሌላ ነገር ጠየቁ። «ይሄ በአየር የሚልከው ቆጣሪ ቢሳሳት፣ እኔ ማንን ነው በር ላይ ጠብቄ የምይዘው?»

ሰው ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ። ቤቴ ስደርስ ግን ጥያቄው አልለቅ አለኝ። የፈረንጆቹን ታሪክ ሳገላብጥ ደግሞ የዚያ ሁሉ ሰልፍ ፍሬ ነገር ያው የአዛውንቱ ጥያቄ ሆኖ አገኘሁት።

መጀመሪያ ዕቃው ምን እንደሆነ እንግባባ። የድሮው ቆጣሪ ውስጡ ሳህን ይሽከረከራል፣ ቁጥር ይገፋል፣ ሰው መጥቶ ያነባል። የካርድ ቆጣሪው ቀድመህ የሞላኸውን ብር እየቀነሰ ይሄዳል፤ ሲያልቅ ራሱ ያጠፋል። ስማርት የሚሉት ቆጣሪ ከሁለቱም ይለያል። በየ15 ደቂቃው ወይም በየሰዓቱ ስንት እንደተጠቀምክ ይመዘግባል። መዝገቡን ራሱ ይልካል። ትእዛዝም ይቀበላል። ቢሮ የተቀመጠ ሰው አንድ ቁልፍ ተጭኖ መብራትህን ሊያጠፋና ሊያበራ ይችላል።

ሽቦ አልባነቱ ግን የግድ አይደለም። ጣሊያን እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ 30 ሚሊዮን ቤቶች እንዲህ ዓይነት ቆጣሪ አስገብታለች። መረጃው የሚሄደው ግን በራሱ በመብራቱ ሽቦ ላይ ነበር። ስለዚህ ጭንቀቱ የአየር ሞገድ ብቻ ቢሆን መፍትሔው ቀላል ነበር፤ በሽቦ ይላክ ማለት ነው። ሞገዱን ካወጣኸው በኋላ የሚቀሩት ጥያቄዎች ናቸው ከባዶቹ።

የፌርፋክስ እሪታ

ፌርፋክስ የምትባለው ከተማ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ከሳን ፍራንሲስኮ በስተሰሜን ማሪን በሚባል አውራጃ ትገኛለች። ነዋሪዋ 7,500 ገደማ ነው። ቅዳሜ ጠዋት መርካቶ ውስጥ ከዚያ የሚበልጥ ሰው ይገፋሃል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2010 የዚህች ከተማ ምክር ቤት አዲሱ ቆጣሪ ለጊዜው እንዳይገጠም ወሰነ። ችግሩ በካሊፎርኒያ የመብራትን ጉዳይ የሚወስነው የክፍለ ግዛቱ የሕዝብ አገልግሎቶች ኮሚሽን እንጂ የከተማ ምክር ቤት አለመሆኑ ነው። ስለዚህ ውሳኔው ጥርስ አልነበረውም። ድምፁ ግን ተሰማ። እንደ ሳንታ ክሩዝ ያሉ አውራጃዎች ተከተሉ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ማሪን ውስጥ መንገድ ላይ ቆመው የገጣሚዎቹን መኪና ያገዱ ሰዎች ታሰሩ።

ቪዲዮው ላይ የሚታየው ይሄ ነው። ቪዲዮው የማያሳየው ግን ከዚያ በፊት የሆነውን ነው። ነገሩ የጀመረው በካንሰር ሳይሆን በቢል ነው። በ2009 ክረምታቸው አልፎ በጋው ሲገባ ቤከርስፊልድ የምትባል ሞቃት ከተማ ነዋሪዎች አዲስ ቆጣሪ ከተገጠመላቸው በኋላ ቢላቸው ሰማይ ነካ ብለው ጮኹ። ኩባንያው ፓሲፊክ ጋዝ ኤንድ ኤሌክትሪክ «ቆጣሪው ትክክል ነው» አለ። ጩኸቱ ሲበረታ ኮሚሽኑ ገለልተኛ ምርመራ አዘዘ። ከ750 በላይ ቆጣሪዎች ተፈተሹ። በሴፕቴምበር 2010 ውጤቱ ሲወጣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ትክክል ሆነው ተገኙ። ቢሉን ያናረው ሙቀቱና የታሪፍ ጭማሪው ነበር።

ኩባንያው አሸነፈ ማለት ነው? ያው ሪፖርት ሌላም ነገር ይላል። ኩባንያው ቅሬታ ያቀረበውን ሰው በአግባቡ አላስተናገደም ይላል። ቆጣሪው አልተሳሳተም፤ ሰውየውን ግን የሰማው አልነበረም። ደግሞም ኩባንያው ራሱ በ2010 ከ43 ሺህ በላይ ቆጣሪዎች ላይ የአገጣጠም፣ የመረጃ አያያዝና የመሳሰሉት ችግሮች እንዳሉ አምኗል። በ2011 ደግሞ 1,600 ያህሉ ሙቀት ሲበዛ እየፈጠኑ እንደሚቆጥሩ ታወቀና ሊቀይራቸውና ገንዘብ ሊመልስ ተገደደ። ከሚሊዮኖች ውስጥ 1,600 ምንም አይደለም ትሉ ይሆናል። በሙቀት የሚፈጥነው ቆጣሪ በራስህ ግድግዳ ላይ ከሆነ ግን 1,600 ሳይሆን አንድ ነው፤ ያ አንዱ ያንተ ነው።

ከዚያ በኋላ ስለ ሞገዱ የተባለው ነገር ሁሉ የሚያምነው አጣ። ኩባንያው ቆጣሪው መልእክት የሚልክበት ጊዜ በቀን ቢደማመር 45 ሰከንድ ያህል ነው ይል ነበር። ልክ ነው። በኮሚሽኑ ትእዛዝ በ2011 መጨረሻ ዝርዝሩን ሲያወጣ ግን ያ 45 ሰከንድ በአማካይ ወደ 10,000 በሚጠጉ ቅጽበታዊ መልእክቶች ቀኑን ሙሉ የተበተነ ሆኖ ተገኘ። ሁለቱም ቁጥር እውነት ነው። የመጀመሪያውን ብቻ የሰማ ሰው ሁለተኛውን ሲያውቅ ግን የሚሰማው ነገር አለ። «ትንሽ ነው የቀመስኩት» የሚል ባል ያላት ሴት ታውቀዋለች።

ይባስ ብሎ በኖቬምበር 2010 የኩባንያው የቆጣሪ ፕሮግራም ኃላፊ በሐሰት ስም ተቃዋሚዎቹ መሃል ሊገባ ሲሞክር ተነቃበት። ሥራውን ለቀቀ። ከዚህ በኋላ ምን ዓይነት ሳይንስ ብታመጣ ማን ይሰማሃል?

መጨረሻው ስምምነት ነው። በፌብሩዋሪ 2012 ኮሚሽኑ የማይፈልግ ሰው የድሮ ቆጣሪውን መያዝ ይችላል አለ። በክፍያ ነው ታዲያ፤ መጀመሪያ 75 ዶላር፣ ከዚያ በየወሩ 10 ዶላር። ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው 10 እና 5 ዶላር ሆነ። ቬርሞንት የምትባለው ክፍለ ግዛት ግን በዚያው ዓመት «እምቢ ላለ ሰው ክፍያ አይጠየቅም» ብላ በሕግ ደነገገች። እኔ የቬርሞንቱን እመርጣለሁ። እምቢ ማለት በገንዘብ የሚገዛ ከሆነ የሀብታም ሰፈር መብት ሆኖ ይቀራል። ያም ሆኖ ፌርፋክሶች እሪ ያሉት በከንቱ አልነበረም። (የእኛ ሰፈር ሰው ይህን ሲያነብ ይስቅ ይሆናል፤ ስማችን አስቀድሞ ፈርዶብናል።)

ስለ ጨረሩ አጭር ወሬ

እዚህ ላይ ብዙ መቆየት አልፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በሜይ 2011 የሬዲዮ ሞገድን «ምናልባት ካንሰር ሊያመጣ ይችላል» በሚለው 2ቢ በተባለ ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ይህ እውነት ነው፤ የዕድራችን ወጣት የጠቀሰውም ይህንኑ ነው። ግን ያ ምድብ የሚናገረው ማስረጃው ውሱን መሆኑን እንጂ አደጋው ምን ያህል እንደሆነ አይደለም። ከ1991 እስከ 2016 ድረስ ቡና ራሱ፣ ከሽንት ፊኛ ካንሰር ጋር በተያያዘ፣ እዚያው ምድብ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። እኛ አቦልና ቶና እያልን ስንጠጣ ኖረናል። በ2016 ቡና ነፃ ወጣ። በዚያው ጊዜ ግን ከ65 ዲግሪ በላይ የሞቀ ማንኛውም መጠጥ 2ኤ ውስጥ ገባ፤ ጥርጣሬው ከቆጣሪው በአንድ ደረጃ ከፍ ይላል ማለት ነው። ከጀበናው እንደወረደ እየተፋጀ ካልሆነ አልጠጣም የምትሉ አስቡበት።

ደግሞ ሞገድ በርቀት ይዳከማል። ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ጉልበቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ቆጣሪው በር ላይ ነው፤ ስልክህ ጆሮህ ላይ ነው። የካሊፎርኒያ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ካውንስል በ2011 ባወጣው ሪፖርት ከቆጣሪው የሚወጣው ሞገድ አገሪቱ ካስቀመጠችው ገደብ በጣም ያነሰ ነው ብሏል። እኔ በዚህ በኩል እንቅልፍ አላጣም። የሚጨነቅ ጎረቤት ካለ ግን «ያልተማረ» ብሎ ማሸማቀቅ ነውር ነው። ልኬቱን አምጥቶ ማሳየት ይቻላል፤ ቆጣሪውን ከልጆች መኝታ ግድግዳ አርቆ መትከልም ይቻላል። ይህ ብዙ ወጪ የለውም።

ምጣዱ ይናገራል

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። የዛሬው ቆጣቢ አምፖል 9 ዋት ነው። ስለዚህ አንድ ምጣድ ማለት ወደ 400 አምፖል ማለት ነው። በአምፖል ስንካፈል የነበርነው ሰዎች እንዴት እንደተሞኘን አስቡት! ሁለት አምፖል ኖሯት በሳምንት ሁለቴ የምትጋግረው ቤትና ስድስት አምፖል ኖሯት እንጀራ ከሱቅ የምትገዛው ቤት... ይቅር፣ የድሮ ጠብ አልቀስቅስ።

ቁም ነገሩ ሌላ ነው። በየ15 ደቂቃው የሚመዘግብ ቆጣሪ ምጣድ ሲጣድ እንደ ተራራ ቀጥ ብሎ ሲወጣ ያያል። ሲነሳ ደግሞ ቀጥ ብሎ ሲወርድ። ማክሰኞና ዓርብ እንደምትጋግሩ ያውቃል። ድግስ ስትደግሱ ያውቃል። ሌሊት ስንት ሰዓት እንደምትነሱ፣ ቤቱ ባዶ የሚሆነው መቼ እንደሆነ፣ ለፋሲካ ወደ አገር ቤት ስትሄዱ ስንት ቀን እንደምትቆዩ ያውቃል። ቆጣሪ አንባቢው በወር አንድ ቁጥር ይዞ ይሄድ ነበር። አዲሱ በየ15 ደቂቃው ከመዘገበ በወር 2,880 ቁጥር ይዞ ይሄዳል። ይህን ሌባ ቢያገኘውስ? ባል ወይም ሚስት በፍቺ ክርክር ቢያስጠይቁትስ? ፖሊስ ቢጠይቅስ?

ይህ የእኔ ቅዠት አይደለም። የኔዘርላንድ ሕግ መወሰኛ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2009 ስማርት ቆጣሪን ግዴታ የሚያደርገውን ሕግ በዚሁ የግላዊነት ምክንያት ውድቅ አድርጎታል። ኋላ ላይ ሕጉ ያለፈው ዜጋው እምቢ ማለት እንዲችል ሆኖ ነው። አሜሪካ ውስጥ ኔፐርቪል የምትባል ከተማ ነዋሪዎች ከተማዋን ከሰሱ። በ2018 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በየ15 ደቂቃው የቤትን አጠቃቀም መመዝገብ «ብርበራ» ነው አለ። ከዚያ ግን ዓላማው ወንጀል ማሳደድ ስላልሆነ ብርበራው ምክንያታዊ ነው ብሎ ለከተማዋ ፈረደ። መረጃው ለሌላ ነገር ከዋለ ፍርዱ ሊለወጥ እንደሚችልም አስጠነቀቀ። ከሳሾቹ ተሸነፉ። «ብርበራ» የምትለዋ ቃል ግን ተመዝግባ ቀረች፤ ቀላል አይደለችም።

እኛስ? ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 26 የቤትንና የግል ሕይወትን መከበር ይደነግጋል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አዋጁ መረጃ የሚሰበስብ አካል ለምን እንደሚሰበስብ እንዲናገርና ከዚያ ውጭ እንዳይጠቀምበት ያስገድዳል። ስለዚህ ዕድራችን መንገድ ላይ ሳይተኛ የሚጠይቀው ነገር አለው። የምጣዳችን ተራራ የት ይቀመጣል? ለስንት ጊዜ ይቀመጣል? ማን ያየዋል? ለቢል ከሆነ የሚፈለገው የወር ድምር ይበቃ የለም ወይ?

አንድ ቆጣሪ፣ ስድስት ቤተሰብ

እዚህ ላይ ነው የእኛና የፌርፋክስ መንገድ የሚለያየው። እነሱ «አትስጡን» አሉ። መሃል አዲስ አበባ የቀበሌ ግቢ ውስጥ ያለ ሰው ግን ጥያቄው «ለየብቻ ስጡን» ነው።

ምክንያቱን ለማየት ታሪፉን ማየት ነው። ታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ላይ የጀመረው ማሻሻያ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ የሚጠቀመው ቤት ለአንዱ ኪሎዋት ሰዓት በ27 ሳንቲም ገደማ እንዲቆይ አደረገ። ከ500 በላይ የሚጠቀመው ግን በሂደት 2 ብር ከ48 ሳንቲም ገደማ ደረሰ። በመስከረም 2017 ዓ.ም. ደግሞ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ የሚሄድ ሌላ ማሻሻያ ተጀመረ። ቁጥሩ ይቀያየር እንጂ አሠራሩ እርከን ነው። ትንሽ የተጠቀመ በትንሽ ዋጋ፣ ብዙ የተጠቀመ በብዙ ዋጋ። ድሃን ለመደገፍ የታሰበ ነው፤ ሐሳቡም ጥሩ ነው።

አሁን የእኛን ግቢ አስገቡበት። ስድስት ቤተሰብ እያንዳንዱ 50 ቢጠቀም ቆጣሪው የሚያየው 300 ነው። ቆጣሪው ስድስት ድሃ አያይም፤ አንድ ሀብታም ነው የሚያየው። ለድሃ የተባለው ዋጋ በር ላይ ቆሞ ይቀራል። ደግሞ 50 ኪሎዋት ሰዓት ብዙ አይደለም። በ3.5 ኪሎዋት ምጣድ ለአንድ ሰዓት ተኩል መጋገር ከ5 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይበላል። በሳምንት ሁለቴ ከሆነ በወር ወደ 45 ይጠጋል። መብራቱና ቴሌቪዥኑ ገና አልተቆጠረም።

ስለዚህ አዲስ ቆጣሪ ሲመጣ እንደ ድሮው ለግቢ አንድ ብቻ ከተገጠመ እኛ ያተረፍነው ነገር የለም። የተሻለ ቴክኖሎጂ ያው የድሮውን ስህተት በየ15 ደቂቃው ይመዘግብልናል፤ በቃ። ለየቤቱ ከተገጠመ ግን ብዙ ነገር ይቀየራል። ደብተሯ ትቀራለች፣ ጠቡ ይቀራል፣ «ማነው የጣደው» ይቀራል። በግምት መጻፍም ይቀራል፤ ይህን ቀላል አድርጌ አላየውም። ስንት ወር በግምት ተጽፎ አንድ ቀን ተደምሮ የመጣ ውዝፍ ያየ ሰው ያውቀዋል። በዕድሩ ስብሰባ ላይ «ይምጣ እንጂ» ያሉት ሰዎች ከሞኝነት አይደለም።

አንድ ነገር ግን ሊያሳስባቸው ይገባል፤ ማጥፊያው።

ዛሬ መብራት የሚቆርጥ ሰው መሰላል ይዞ ይመጣል። በር ይንኳኳል። «ልጄ፣ ቤት ውስጥ በሽተኛ አለ፣ ነገ ጠዋት እከፍላለሁ» ትለዋለህ። አንዳንዱ ይሰማል፣ አንዳንዱ አይሰማም። ግን የምትለምነው ፊት አለ። በሩቅ የሚጠፋ መብራት ፊት የለውም። ፍሪጅ ውስጥ ኢንሱሊን ያስቀመጠች እናት ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ለማን ነው የምትናገረው?

ደቡብ አፍሪካ ሶዌቶ ውስጥ ፊሪ በሚባል ሰፈር የሆነውን ልንገራችሁ። የጆሃንስበርግ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2004 ገደማ ለዚያ ሰፈር ቅድመ ክፍያ የውሃ ቆጣሪ አስገባ። ለአንድ ቤት በወር 6,000 ሊትር ነፃ፣ ከዚያ በላይ ካልሞላህ ውሃው ይቆማል። አንድ ግቢ ውስጥ ብዙ ተከራይ ሲኖር 6,000ው ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል። ያው የእኛ የስድስት ቤተሰብ ሂሳብ ነው። በ2005 የአንድ ግቢ ጎጆ በእሳት ሲያያዝ ውሃው ቆመ፤ ሁለት ልጆች ሞቱ። ነዋሪዎቹ ከሰሱ። በ2008 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ቆጣሪው ሕገ ወጥ ነው አለ። በ2009 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ይህን ሻረው። ውሃው «ተቋረጠ» አይባልም፣ ለጊዜው «ታገደ» ነው የሚባለው አለ። ቧንቧውን ከፍቶ ጠብታ ላጣ ሰው ልዩነቱን ማስረዳት ይከብዳል፤ የሕግ ሰዎች ግን ይችሉበታል።

ግን ልብ በሉ። ክሱ እየተካሄደ ሳለ ከተማው ፖሊሲውን ደጋግሞ አሻሻለ። በጣም ድሃ ለሆኑት ተጨማሪ ነፃ ውሃ ፈቀደ። ፍርድ ቤቱም ራሱ ይህን አንስቶ ክሱ ከተማውን እንዳነቃው ተናግሯል። በወረቀት የተሸነፈ ሰፈር በቧንቧ ትንሽ አገኘ።

ስህተቱን ማን ይፈትሻል?

«ዲጂታል ነው፣ አይሳሳትም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲን ጥናት ንገሩት። የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ሙከራ 9 ኤሌክትሮኒክ ቆጣሪዎችን ፈተሹ። ቆጣቢ አምፖሎችና የብርሃን መቀነሻ አንድ ላይ ሲሠሩ አምስቱ ከእውነተኛው በላይ ቆጠሩ፤ አንዱ እስከ 582 በመቶ አስበልጦ። ሁለቱ ደግሞ በ30 በመቶ ገደማ አሳንሰው ቆጠሩ። በቤተ ሙከራ ነው፣ ሆን ተብሎ በተበላሸ ሞገድ ነው፣ ሁሉም ቤት እንዲህ ይሆናል ማለት አይደለም። ግን ቆጣሪ ይሳሳታል። ያ ብቻ ይበቃናል።

ቤት ውስጥ በቀላሉ መፈተሽ ይቻላል። ዲጂታል ቆጣሪ ፊቱ ላይ ትንሽ ቀይ መብራት አለች። ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ ብልጭ እንደምትል አጠገቧ ተጽፏል፤ ብዙ ጊዜ 1,000 ወይም 1,600 ነው። ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ አጥፉ። ቀይዋ መብራት ብልጭ ማለት ማቆም አለባት። ካላቆመች ወይ አንድ ነገር አልጠፋም፣ ወይ ጎረቤት ከእናንተ መስመር ስቧል፣ ወይ ቆጣሪው ችግር አለበት። ከዚያ 1,000 ዋት የሚል ምድጃ ብቻ ለአንድ ሰዓት አብሩ። ቁጥሩ ወደ አንድ መጨመር አለበት። የመስመሩ ጉልበት ከፍ ዝቅ ስለሚል ትንሽ ቢያንስ ወይም ቢበልጥ አትደንግጡ። ሁለት ካለ ግን ደንግጡ።

ደንግጣችሁ ግን የት ትሄዳላችሁ? ፌርፋክሶች ምክር ቤት ነበራቸው፤ ማታ ሄደው ማይክ ይዘው ይጮኻሉ። የፊሪ ሰዎች ፍርድ ቤት ነበራቸው። እኛ ያለን ወረዳና ዕድር ነው። ዕድሩም ቢሆን እየሳሳ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ ከፒያሳ፣ ኋላም ከካዛንቺስ የተነሳው ሰው ዳር ዳር ተበትኗል። አንዳንዱ አሁንም ለቀብር ሁለት ታክሲ ይዞ ይመጣል። ለቆጣሪ ጉዳይ ግን ማንም ሁለት ታክሲ አይዝም። አዲስ ሰፈር የገባው ደግሞ የየራሱ ቆጣሪ አለው፤ ግን የጎረቤቱን ስም ገና አላወቀም። ስድስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጣላ ቢያንስ አንድ ላይ ነበር። ቢሉ ሲበዛ ስድስቱም ይወጡ ነበር። አሁን እያንዳንዱ ለብቻው ስልኩን እያየ ይናደዳል።

ለዚህ ነው ቆጣሪው ከመገጠሙ በፊት መጠየቅ ያለበት የምለው። ከተገጠመ በኋላ ጠያቂውም አንድ በአንድ ነው የሚመጣው። አዲሱና አሮጌው አንድ ወር ጎን ለጎን ቆጥረው ይታዩ ማለት ይቻላል። ከመጥፋቱ በፊት ስንት ቀን ቀድሞ መልእክት እንደሚላክ፣ ማታና በበዓል ዋዜማ እንዳይጠፋ፣ በሽተኛ ያለበት ቤት እንዲመዘገብ ማስጻፍ ይቻላል። አሮጌው ሲነቀል የመጨረሻውን ቁጥር ገጣሚው ባለበት ፎቶ ማንሳት ደግሞ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።

በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ላይ ዕድሩ ለወረዳው ደብዳቤ ይጻፍ ተባለ። ጸሐፊው የሕግ ተማሪ ነው፤ ጽሑፉ ያምራል። የአዛውንቱን ጥያቄ «የቅሬታ አቀራረብ ሥርዓቱና ምላሽ ሰጪው አካል በግልጽ እንዲለይ» ብሎ ጻፈው። ሲነበብ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። አዛውንቱ ብቻ እጃቸውን አወጡ።

«እኔ እንደሱ አላልኩም» አሉ።

ተሰርዞ እንደገና ተጻፈ።